የተጫዋች ደመወዝና የመልቀቂያ ወረቀት



በዛሬው ትምህርታዊ ጽሑፋችን የምናነሣው ጉዳይ በየመኝታ ክፍላችንና በየሻይ ቤቱ ስንከራከርበት የኖርነው ነው። ይኸውም «ኳስ ተጫዋች ስንት ሊከፈለው ይገባል? ከክለብ ወደ ክለብስ እንደ ልቡ ይዘዋወር ወይስ አይዘዋወር?» የሚለው ነው። ክርክሩ ሁልጊዜ የሚጀመረው ከደመወዙ ነው። አንዱ «ይህን ሁሉ ሺህ ብር ኳስ ለማባረር! እኛ ተመርቀን የምናገኘውን አታውቁም እንዴ?» ይላል። ሌላው «ጉልበቱ የተሰበረ ዕለት ማን ዞር ብሎ ያየዋል?» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ መብራት ይጠፋና ሁሉም ይተኛል። እኛ ግን ነገሩን ረጋ ብለን ስንመረምረው የደመወዙ መጠን ሁለተኛ ጥያቄ ሆኖ አገኘነው። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ውሉ ያለቀ ወይም በክለቡ ጥፋት የፈረሰ ዕለት የተጫዋቹ መልቀቂያ በማን እጅ ነው የሚለው ነው።

በቅድሚያ ቃላቱን እናጥራ። ተጫዋችን ከክለብ ጋር የሚያስረው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ውሉ ሲሆን ዘመኑና ደመወዙ የተጻፈበት ነው። ሁለተኛው ምዝገባው ነው። ይህም ማለት ስሙ በፌዴሬሽን መዝገብ በክለቡ ሥር ይሰፍርና ፎቶግራፉ ያለበት ቴሴራ ይወጣለታል። ዳኛው ከጨዋታ በፊት የሚመለከተው ውሉን ሳይሆን ቴሴራውን ነው። አናጢ ከአሠሪው ጋር ቢጣላ መጋዙን አንሥቶ ሌላ ደጃፍ ያንኳኳል፤ የቀድሞ አሠሪው ቢያኮርፍም እንጨት መላግ አይከለክለውም። ተጫዋች ግን እግሩ የራሱ ሆኖ ሳለ የቀድሞው ክለብ «ለቅቄዋለሁ» ብሎ ካልጻፈለት በሌላ ማልያ ሜዳ መግባት አይችልም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። ኳስ በዚህ መንገድ ብቻ ይመራ ብንል ግን ውድድር የሚባል ነገር አይኖርም። አጥቂው መጋቢት ላይ ጓዙን ጠቅልሎ ለተጋጣሚው ቢፈርም ተመልካቹ ምን ሊያይ ይገባል? ስለዚህ የተወሰነ ዘመን ውል ተፈርሞ ሁለቱም ወገን እስከ መጨረሻው እንዲያከብሩት መደረጉን አንቃወምም። የምንቃወመው ተጫዋቹ ብቻ እንዲያከብረው ሲጠበቅ ነው።

እኛ ዕጩ መምህራን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ነገ ከነገ ወዲያ ኪንዶ ኮይሻ ወይም ኦፋ የሚመደብ ሰው ከመካከላችን አለ። ትዳር ይይዛል፣ እናት ትታመማለች፣ ሌላ ወረዳ «ና፣ ክፍት ቦታ አለን» ይለዋል። ያለበት ወረዳ ደግሞ «ተተኪ ሳይገኝ አንለቅም» ብሎ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ይቆልፈዋል። መምህሩ ግን እዚያም ሆኖ ያስተምራል፣ ልምዱም ይጨምራል። ተጫዋች አንድ ዓመት ከተቀመጠ ያ ዓመት አይመለስም። የኳስ ዕድሜ አጭር ናትና! ደመወዝ ሲዘገይ ምን እንደሚመስል ደግሞ በዞናችን ላለ መምህር ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ክለብ እንምጣ። ወላይታ ድቻ በ2001 ዓ.ም. ተመሠረተ፣ በ2006 የውድድር ዘመን ፕሪምየር ሊግ ገባ፣ በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዋንጫን አነሣ። በቀጣዩ ዓመት በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የዛንዚባሩን ዚማሞቶን አሳልፎ ከግብፁ ዛማሌክ ጋር ተገናኘ። ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ፣ ካይሮ ላይ 2 ለ 1 ተሸነፈ፣ በፍጹም ቅጣት ምትም አልፎ ሄደ። ያን ጊዜ እኛ ገና ልጆች ነበርን፤ የጦና ንቦች ዛማሌክን ጣሉት ተብሎ ሶዶ ስትናወጥ ግን ሁላችንም እናስታውሳለን። ዛማሌክን ለማያውቅ አንባቢ፣ የአፍሪካን የክለቦች ዋንጫ ደጋግሞ የወሰደ ሀብታም ክለብ ነው።

ከዚያ ድል በኋላ የሆነው በየትም አገር የሚሆነው ነው። ጎበዝ ተጫዋችን አዲስ አበባና ሌላውም ከተማ ይፈልገዋል። ያኔ በከተማችን ሁለት ዓይነት ወሬ ሰማን። አንዱ «ከሃዲ! አሳድገነው ጥሎን ሄደ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ልጅ ነው፣ እንጀራውን ይፈልግ» የሚል ነው። ሁለቱም ወሬ እውነት አለበት፣ ይህንንም ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ስለ ደመወዝ ጥቂት እንበል። የአገራችን ኳስ ለረጅም ዘመን የደመወዝ ኳስ አልነበረም። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው ብሔራዊ ቡድን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ በሙያው መካኒክ ነበር። በኋላ የፊርማ ገንዘብ የሚባለው መጣ፣ ቀጥሎም ክፍያው ወደ ወር ደመወዝ ተለወጠ። ደመወዙ በጥቂት ዓመት ውስጥ እጅግ ሲንር፣ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተሰብስበው የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ከ2017 የውድድር ዘመን ጀምሮ ደግሞ የፕሪምየር ሊጉ አክሲዮን ማኅበር አንድ ክለብ በጠቅላላ ለተጫዋቾች በሚያወጣው ገንዘብ ላይ ገደብ አደረገ።

የገደቡ ምክንያት ቀላል አይደለም፣ ሊናቅም አይገባም። የአብዛኞቹ ክለቦች ገንዘብ የሚመጣው ከከተማ አስተዳደር፣ ከዞንና ከመንግሥት ድርጅት ነው። ይህም ማለት የሕዝብ ገንዘብ ነው። በአውሮፓ ክለቡ ቲኬት ሸጦ፣ ማልያ ሸጦ፣ ቴሌቪዥን ከፍሎት ነው ለተጫዋቹ የሚከፍለው። በእኛ ሊግ የቴሌቪዥን ገንዘብ በቁም ነገር የተጀመረው በ2013 የውድድር ዘመን ዲኤስቲቪ ጨዋታዎቹን በቀጥታ ማስተላለፍ ሲጀምር ነው። ወረዳው የጤና ጣቢያ መድኃኒት ሲያጥረው ለአንድ አማካይ ተጫዋች መቶ ሺህዎች ይከፈል ብሎ የሚከራከር ከእኛ መካከል የለም።

ነገር ግን እስቲ እንጠይቅ። ጣሪያው ተሠራ፤ ወለሉስ? በየስብሰባው «ከዚህ በላይ እንዳይከፈል» ሲባል ሰማን እንጂ «የተፈረመው ደመወዝ ወሩ ሲያልቅ ያለ ምክንያት ይከፈል» ተብሎ እንዲያ በጋለ ስሜት ሲነገር አልሰማንም። ተጫዋቾች ደመወዝ ስላልተከፈላቸው ልምምድ አቆሙ የሚለው ዜና ግን በየውድድር ዘመኑ ጆሯችን የለመደው ነው። ለ50,000 ፈርሞ አራት ወር ያልተከፈለው ሰው ደመወዙ ዜሮ ነው። የሂሳብ ዲፓርትመንት ጓደኞቻችን ያረጋግጡልን።

ከመካከላችን ጥቂቶቻችን አብረን የተማርነው አንድ ልጅ አለ። ስሙንም የተጫወተበትንም ክለብ አንጠራም። ከቦዲቲ በኩል የመጣ፣ ግራ እግሩ እንደ እጅ የሚታዘዝለት ነው። ከ10ኛ ክፍል ወጥቶ በታችኛው ሊግ ለሚጫወት የሌላ ከተማ ክለብ ፈረመ። ውሉ በአንድ ቅጂ ተጽፎ ክለቡ ጽሕፈት ቤት ቀረ፤ እሱ ዘንድ ምንም አልነበረም። ሦስት ወር ተከፈለው። ከዚያ «በጀት አልተለቀቀም» ተባለ፣ ቀጥሎ «ነገ ና»፣ ቀጥሎ «ሰኞ ና»። አራት ወር ሆነ። ያከራየችው ሴትዮ ፍራሹን ደጅ አወጣችበት። በዚህ መካከል ሌላ ክለብ ፈለገው፣ እሱም ደስ ብሎት መልቀቂያ ሊጠይቅ ሄደ። የተሰጠውን መልስ ልብ በሉልን፤ «መልቀቂያ ከፈለግህ የሚከፍል አምጣ» አሉት። የአራት ወር ላቡን የበሉበት ሰዎች እሱን ገንዘብ ጠየቁት! ፈላጊው ክለብ ጠብቆ ጠብቆ ሌላ ልጅ አስፈረመ። የእኛም ጓደኛ ያንን ዓመት ተቀመጠ፣ ዛሬ የሰው ባጃጅ በዕለት ገቢ ይነዳል።

ይህ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ ነው የሚል ካለ ታሪክ ያንብብ። በእንግሊዝ እስከ እ.ኤ.አ. 1961 ድረስ ተጫዋች በሳምንት ከ20 ፓውንድ በላይ አይከፈለውም ነበር። ጣሪያው የተነሣው በጂሚ ሂል ይመራ የነበረው የተጫዋቾች ማኅበር አድማ እንመታለን ብሎ በአንድነት ከቆመ በኋላ ነው። ከጣሪያው የከፋው ግን ሌላው ደንብ ነበር። ውሉ ያለቀ ተጫዋች ክለቡ ካልፈቀደ የትም መሄድ አይችልም፤ ደመወዝ ሳይከፈለው እንኳ ታስሮ ይቀመጣል። ጆርጅ ኢስተም የተባለው የኒውካስል ተጫዋች በ1960 ልሂድ ሲል ተከለከለ። ኳሱን ትቶ ቡሽ ሻጭ ሆነ፣ አዎ የጠርሙስ ቡሽ። በመጨረሻ ወደ አርሰናል ቢለቁትም ክሱን አልተወም፣ በ1963 ፍርድ ቤቱ ያ ደንብ የሰውን ሥራ ያለ አግባብ የሚያግድ ነው ሲል ፈረደለት። ቡሽ ሻጩና ባጃጅ ነጂው መካከል ስድሳ ዓመት አለ፤ ነገሩ ግን አንድ ነው።

የቤልጂጉ ዣን ማርክ ቦስማን ታሪክ ደግሞ ከዚህም የታወቀ ነው። በ1990 ከሊዬዥ ክለብ ጋር የነበረው ውል አለቀ። ክለቡ ከቀድሞው ሩቡን ብቻ ልክፈልህ አለው። እምቢ ብሎ ወደ ፈረንሳዩ ደንከርክ ሊሄድ ሲል ክለቡ በዝውውሩ ላይ እንቅፋት ሆነ። ክርክሩ ታኅሣሥ 15 ቀን 1995 በአውሮፓ ፍርድ ቤት አለቀ። ውሉ ያበቃ ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ ወደ ሌላ የማኅበሩ አባል አገር ክለብ ሊሄድ ይችላል ተባለ። ፍርዱ ሲሰጥ ግን የቦስማን የኳስ ዕድሜ አልፎ ነበር፣ የበሉት ሌሎች ናቸው። በጥቅምት 2024 ያው ፍርድ ቤት በላሳና ዲያራ ጉዳይ ከፊፋ የዝውውር ደንቦች አንዳንዶቹ ከአውሮፓ ሕግ ጋር እንደሚጋጩ ወስኗል። ስለዚህ ነገሩ ገና አልተዘጋም።

እንደ እኛ ተማሪ ሆኖ ኳስ የሚጫወተውስ? ለዚህ የአሜሪካ ኮሌጆች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። የእነርሱ ፉትቦል በእጅ የሚያዝ፣ እንቁላል መሳይ ኳስ ነው፤ እኛ ብናየው ትግል ይመስለናል። ግን በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከ100,000 በላይ ሰው ይገባል፣ አሠልጣኙ በሚሊዮን ዶላር ይከፈለዋል። ተማሪው ተጫዋች ግን ለብዙ ዘመን ያገኝ የነበረው የትምህርት ክፍያ፣ መኝታና ምግብ ነበር፣ «አንተ ተማሪ ነህ፣ ለፍቅር ነው የምትጫወተው» እየተባለ። ኮሌጅ ቢቀይር ደግሞ አንድ ዓመት ሳይጫወት ይቀመጥ ነበር። በ2021 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ9 ዳኞች ሙሉ ድምፅ የኮሌጆቹ ማኅበር ከትምህርት ጋር የተያያዘ ጥቅም ላይ ገደብ ማድረግ አይችልም አለ። በዚያው ዓመት ተማሪዎቹ በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ፣ የአንድ ዓመቱ ቅጣትም ላላ። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ኮሌጁ ራሱ ለተጫዋቾቹ በቀጥታ እንዲከፍል በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት ተደረገ፤ አንድ ኮሌጅ በመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም ስፖርተኞቹ ሊያከፋፍል የሚችለው እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በእኛ ተቋም ቡድናችን አሸንፎ ሲመለስ ሻይና ፓስቲ እንደሚጋበዝ አንባቢ ያውቃል። እኛ ያንን አልጠላንም። በእኛ ሜዳ ቲኬት የሚሸጥም፣ ማስታወቂያ የሚለጥፍም የለም። ገንዘብ የሌለበትን ጨዋታ ለፍቅር ተጫወቱ ማለት ያምራል፤ ሌላው በሚያተርፍበት ጨዋታ ላይ ግን ፍቅር ከአንድ ወገን ብቻ አይጠየቅም።

ወደ ኋላ እንመለስበታለን ያልነው ጉዳይ እነሆ። ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን ረቂቁን አንብበው፣ «ልጁን ከጨርቅ ኳስ አንሥቶ ያሳደገው የገጠር ቡድን ባዶ እጁን ይቅር ማለታችሁ ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከቦስማን ፍርድ በኋላ ሀብታሞቹ ክለቦች እየበረቱ፣ አሳዳጊዎቹ እየደከሙ መሄዳቸው አይካድም። ነገር ግን በአካባቢያችን ገበሬ ዘንድ ከብትን በአደራ ሰጥቶ ማርባት የታወቀ ነው። ላሟ ስትወልድ ባለቤቱና አርቢው ይካፈላሉ፤ አርቢው ድርሻው እንዳይቀርበት ብሎ ላሟን ከበረት እንዳትወጣ አያስርም። በኳስም እንዲሁ ድርሻ የሚባል ነገር አለ።

የፊፋ የዝውውር ደንብ እንዲህ ያደርጋል። ተጫዋች ከአገር ወደ አገር በክፍያ ሲዘዋወር ከዝውውሩ ገንዘብ 5 በመቶው ተቀንሶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው እያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው እያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ ነው። ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የሶዶ ልጅ በ10 ሚሊዮን ብር ከአገር ውጭ ተሸጠ እንበል። እዚህ ያለ ክለብ ከ12 እስከ 17 ዓመቱ አሠልጥኖት ከሆነ፣ ለመጀመሪያዎቹ 4 ዓመታት በዓመት 25,000 ብር ማለት 100,000 ብር፣ ለ16ኛውና ለ17ኛው በዓመት 50,000 ብር ማለት ሌላ 100,000 ብር፣ ድምሩ 200,000 ብር ይደርሰዋል። ስንት ታኬታና ስንት ኳስ እንደሚገዛ አስቡት። ከዚህም ሌላ ለመጀመሪያው የሙያ ውል የሚከፈል የማሠልጠኛ ካሣ አለ። ይህን መሰል ድርሻ በአገር ውስጥ ዝውውርም በጥብቅ ቢሠራበት ድቻም ሆነ ሌላው ክለብ ወረቀት ይዞ የሚሟገትበት ምክንያት ያጣል። አሳዳጊ በድርሻው ይካስ እንጂ በልጁ ዕድሜ አይካስ።

ለደመወዝ መከልከልም መድኃኒት ተበጅቶለታል። በዚሁ ደንብ አንቀጽ 14 ቢስ በ2018 የገባ ነው። ክለቡ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ ያለ አግባብ ካልከፈለ፣ ተጫዋቹ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቢያንስ 15 ቀን ይጠብቃል፤ አሁንም ካልተከፈለው በበቂ ምክንያት ውሉን ማፍረስ ይችላል። ደንቡ በዋናነት የአገሮችን ዝውውር የሚመለከት ቢሆንም የየአገሩ ፌዴሬሽን የውልን መከበር በራሱ ደንብ እንዲያስጠብቅ ይጠይቃል። በጽሑፍ የሚለውን ቃል አስምሩበት። ጓደኛችን አራት ወር ሙሉ የጠየቀው በአፉ ነበር። አንድ ገጽ ማመልከቻ ጽፎ፣ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን አስመትቶ፣ ግልባጩን ኪሱ ቢያደርግ ኖሮ የሚያሳየው ነገር በኖረው። ከ10ኛ ክፍል የወጣ ልጅ ይህን ማን አስተማረው? በአማርኛ ትምህርት ስለ ማመልከቻ አጻጻፍ ስናስተምር «ለክቡር ሥራ አስኪያጅ» ከምንል ይልቅ እስቲ አንድ ቀን ያልተከፈለ ደመወዝ የሚጠይቅ ማመልከቻ እናጽፋቸው።

ውልም በሁለት ቅጂ ይፈረም፤ አንዱን ተጫዋቹ ይያዝ። ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ ከ3 ዓመት በላይ ውል እንዳይፈርም የፊፋ ደንብ ይከለክላል፣ ትልቁም ቢሆን ከ5 ዓመት አይበልጥም። ውሉ ሊያልቅ 6 ወር ሲቀረው ከሌላ ክለብ ጋር መነጋገር ይችላል። ይህን የሚያውቅ አባት ቦዲቲም ሆነ አረካ ስንት ይገኛል? የሴት ተጫዋቾች ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልግ ለሌላ ዕትም አቆይተነዋል።

በመጨረሻ ለእኛ ለሰውነት ማጎልመሻ ዕጩዎች የቀረ አንድ ሥራ አለ። ድርሻው የሚሰላው የተጫዋች ፓስፖርት ከሚባለው ማስረጃ ነው፤ ይህም ልጁ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ በየትኛው ክለብ ተመዝግቦ እንደነበረ የሚያሳይ ነው። በየቀበሌው ሜዳ የሚሠለጥኑ የታዳጊ ፕሮጀክት ልጆች ካልተመዘገቡ ያሠለጠናቸው ሰው ምንም አያገኝም። ደግሞም ያቺ የታወቀች አመል አለች፤ ለውድድር እንዲያልፍ ተብሎ የ17 ዓመቱ ልጅ 14 ይባላል። ያን ጊዜ ከ12 እስከ 14 የሠለጠነባቸው ዓመታት ከመዝገብ ይጠፋሉ፣ ዕድሜው ለምርመራ የቀረበ ዕለትም ልጁ ራሱ ከውድድር ይታገዳል። ስለዚህ ትምህርት ቤት እንደ ገባን አንድ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር እንግዛ፤ የልጁን እውነተኛ የልደት ቀን፣ ልምምድ የጀመረበትን ቀን፣ የተመዘገበበትን ክለብና የሄደበትን ክለብ እንጻፍበት። ስንዘዋወርም ደብተሩን ለተተኪው መምህር በፊርማ እናስረክብ።